ከሆቴሉ ጀርባ

ለአጭር ሥልጠና ወደ ውጭ የሚላክ የመንግሥት ሠራተኛ ከፓስፖርቱ ቀጥሎ ነቅቶ የሚጠብቀው ነገር ቢኖር ውሎ አበሉን ነው። አበል የሚበላ ገንዘብ አይደለም፤ የሚተርፍ ገንዘብ ነው። የልጆች ጫማ፣ የባለቤት ሽቶ፣ የእናት ብርድ ልብስ፣ «ለእኔስ ምን አመጣህልኝ?» ለሚል ጎረቤት የሚሰጥ እስክሪብቶ ሳይቀር የሚወጣው ከእሱ ላይ ነው። ስለዚህ የሆቴሉን ነጻ ቁርስ ጠንከር አድርጎ በልቶ ምሳን በሙዝ ማለፍ በእኛ ጊዜ የታወቀ ዘዴ ነበር። ከዚህ ሁሉ ጥንቃቄ የሚያመልጥ፣ ቦሌ ላይ ማንም የማያስበው፣ ቀናት ካለፉ በኋላ ሻንጣ ውስጥ አፍጦ የሚገኝ አንድ ወጪ ግን አለ፤ የልብስ አጠባ።

እኔ ከዚህ ወጪ ጋር የተዋወቅሁት ሙምባይ ነው፣ በ1999 ዓ.ም. ክረምት። የህንድ መንግሥት ከ1964 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አይቴክ በሚባለው ፕሮግራሙ የሌሎች አገሮችን ሠራተኞች እየጋበዘ ያሠለጥናል፤ ከእኛም አገር ስንትና ስንት ሰው ህንድን ያየው በዚያ በኩል ነው። እስከዚያ ድረስ ህንድን የማውቃት በሲኒማ ቤትና በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሒሳብ አስተማሪዬ ነበር። ልብስ እንዴት እንደሚታጠብም ቢሆን ከዚያ ብዙም ያለፈ እውቀት አልነበረኝም። የእኔ ቤት ሸሚዝ ቅዳሜ ጠዋት ከበር ኋላ ይጠፋል፣ እሁድ ማታ ተተኩሶ ይገኛል፤ በመሐል ምን እንደሚደርስበት ጠይቄ አላውቅም።

ያረፍንበት ሆቴል መካከለኛ የሚባል ነው። ቁም ሣጥኑ ውስጥ የፕላስቲክ ከረጢት ተሰቅሏል፣ ከከረጢቱ ጋር ደግሞ ካርቦን ያለው የዋጋ ዝርዝር። ሸሚዝ 80 ሩፒ፣ ሱሪ 100፤ ካልሲ እንኳን በጥንድ ዋጋ ወጥቶለታል። ከመካከላችን በዕድሜም በማዕረግም ከፍ ያሉ፣ ጡረታቸው የተቃረበ የሒሳብ ሰው ነበሩ፤ ሁላችንም ጋሼ ነበር የምንላቸው። መነጽራቸውን አደረጉና ዝርዝሩን ከላይ እስከ ታች ልክ ለፊርማ እንደቀረበላቸው ሰነድ በጥሞና አነበቡት።

«ልጆች» አሉ ቀና ብለው፣ «ይኼ የማጠቢያው ነው የመግዣው?»

ከዚያ በኋላ ከረጢቱን ማንም አልነካውም። የመጀመሪያዎቹን ቀናት መታጠቢያ ቤት ውስጥ ተወጣናቸው። ማታ ገላችንን ስንታጠብ ሸሚዛችንንም እዚያው በሆቴሉ ሚጢጢ ሳሙና እናሻለን። ጋሼ አንድ ዘዴ ያውቁ ነበር፤ የታጠበውን ሸሚዝ በደረቅ ፎጣ ላይ ዘርግቶ፣ ሁለቱን አንድ ላይ ጠቅልሎ፣ ጥቅሉን በጉልበት ተጭኖ መጭመቅ። ፎጣው ውሃውን ይጠጣዋል፣ ሸሚዙም ሳይጨማደድ ግማሽ ደርቆ ይወጣል። ይህን ለሚሄድ ሰው ሁሉ እስከ ዛሬ እመክራለሁ። ችግሩ፣ ሙምባይ ውስጥ በክረምት ደረቅ ፎጣ አይገኝም። ዝናቡ ከሰኔ እስከ መስከረም ነው፤ በዚህ በዚህ ከእኛው ጋር ይመሳሰላል። ግን የእኛ ክረምት ብርድ ነው፣ የእነሱ ወበቅ ነው። አየሩ ራሱ እርጥብ ነው። ሸሚዝ ሁለት ቀን ተሰቅሎ ይውልና ሲወርድ ያው እርጥብ ነው፤ በዚያ ላይ የሻጋታ ጠረን ጨምሮ። ጋሼ ካልሲያቸውን በጠረጴዛው መብራት ባርኔጣ ላይ ያሰጡ ጀመር። ሦስተኛው ቀን ላይ አሠልጣኙ ምንም ሳይናገር የክፍሉን መስኮት ሁሉ ከፈተ።

ያዳነን የፎቃችንን ኮሪደር የሚያጸዳው ሰው ነው። እዚያ ሁሉም እንደሚለው «ባያ» እንለው ነበር፣ ወንድሜ እንደማለት። አንድ ቀን አንሶላ ሊቀይር ገብቶ መስኮቱ ላይ የተሰቀለውን ሱሪዬን አየና ሳቀ። ጨመቅ አድርጎ ውሃ አወጣበት። ከዚያ እጄን ይዞ ወደ መስኮቱ ወሰደኝና ከሆቴሉ ጀርባ ያለውን ጠባብ መንገድ አሳየኝ። ክንዱ ላይ ወዳለው የአንሶላ ክምር ጠቆመ፤ ወደ መንገዱ ጠቆመ። ቁም ሣጥኑ ውስጥ ወዳለው ከረጢት ጠቆመ፤ እንደገና ወደዚያው መንገድ ጠቆመ። ሁሉም የሚሄደው አንድ ቦታ ነው ለካ። ሆቴሉ መሐል ላይ ቆሞ ነው ሰማንያውን ሩፒ የሚቀበለው።

ከዚያ ወዲህ በሄድኩበት አገር ሁሉ ስለ ልብስ አጠባ እንግዳ መቀበያ ላይ ጠይቄ አላውቅም። ክራቫት ያሰረውን ሰው ብትጠይቀው የሚያሳይህ ያንኑ ዝርዝር ነው። ደረጃ የሚጠርገውን ብትጠይቀው ግን የራሱ ሸሚዝ የት እንደሚታጠብ ይነግርሃል፤ የእሱ ሸሚዝ ደግሞ ሁልጊዜ ንጹሕ ነው።

ባያ ባሳየን መንገድ ከሆቴሉ ጀርባ ስንሄድ አንድ አሮጌ ፎቅ ደረጃ ሥር፣ ዝናብ እንዳያገኘው በሸራ የተከለለ ጠረጴዛ አለ። ጠረጴዛው ላይ ብርድ ልብስ፣ ብርድ ልብሱ ላይ የተቃጠለበት ሁሉ የሚታይ አቡጀዲ ተነጥፏል። ሽማግሌው አባት ይተኩሳሉ፣ ልጃቸው ደግሞ የቆሸሸውን በጨርቅ ቋጥሮ ለአጠባ ይወስዳል። ዶቢ የሚባሉት እነዚህ ናቸው፤ ከአያት ከቅድመ አያት ጀምሮ የልብስ አጣቢ ወገን የሆኑ። ካውያው የከሰል ነው፣ ክብደቱ የሚያስፈራ። ሽማግሌው ወደ ፊትና ወደ ኋላ ወዝወዝ ያደርጉትና ፍሙን ያነቁታል፤ ሆዱን በእርጥብ ጨርቅ ጠረግ ያደርጋሉ፣ አመድ ነጭ ሸሚዝ ላይ እንዳይወድቅ። በጣታቸው ከቆርቆሮ ውሃ እየረጩ መጀመሪያ አንገትጌውን፣ ቀጥሎ ትከሻውን፣ ቀጥሎ እጅጌውን፤ ቅደም ተከተሉ አይዛባም። አንዱን ሸሚዝ ጨርሰው ጋዜጣ ላይ አጥፈው ሲያስቀምጡ እኛ ሰላምታችንን ገና አልጨረስንም።

ለመተኮስ ብቻ በአንዱ 2 ሩፒ ነበር፣ ታጥቦም ተተኩሶም ከዚያ ጥቂት ከፍ ይል ነበር። ያም ሆኖ ከእኛ አንዱ ዋጋ ሊከራከር ጀመረ፤ የመርካቶ አመል አይለቅም። አብራን የነበረች ከባሕር ዳር የመጣች የሥራ ባልደረባችን ናት ያሳፈረችን። «ለሁለት ሩፒ ነው እንዲህ የምትጨቃጨቁት? ይህን ካውያ አንዴ አንሱትና እዩት እስቲ!» አለች። ልጁ ነገሩ ገብቶት ካውያውን አቀበለን። እኔ አነሳሁት፤ ከዚያ በኋላ ክርክር አልነበረም።

ጋሼ አንድ ሕግ አወጡ። የውስጥ ልብስ ለሰው አይሰጥም። ሸሚዝ ይሁን፣ ሱሪ ይሁን፣ የውስጥ ልብስ ግን የራስ ገመና ነው፣ ማታ ማታ ራሳችሁ እጠቡ አሉ። ሁላችንም ታዘዝን፤ የመብራቱ ባርኔጣም ሥራ አልፈታም።

ደረሰኝ የሚባል ነገር የለም። ልጁ ልብሱን ጮክ ብሎ እየቆጠረ ይቀበልና በደብተሩ ላይ ቁጥር ይጽፋል። ስማችንን አልጠየቀም። ይልቁንም በየአንገትጌው ውስጥ በማይለቅ ጥቁር ቀለም አንድ ትንሽ ምልክት አደረገ፤ የእኔ ሁለት ሰረዝና አንድ ነጥብ ነበር። በድሮ ጊዜ ቀለሙን የሚያወጡት ከአንድ ዛፍ ፍሬ ነው አሉ። ማንበብ የማይችል አጣቢ እንኳን በዚያ ምልክት ከመቶ ነጭ ሸሚዝ መሐል የእኔን ለይቶ ያወጣል። እኛ ከመምጣታችን ሁለት ዓመት በፊት፣ ሐምሌ 19 ቀን 1997 ዓ.ም.፣ ሙምባይ ላይ በአንድ ቀን 944 ሚሊ ሜትር ዝናብ ወርዶ ነበር፤ አዲስ አበባ ዓመቱን ሙሉ ከምታገኘው ብዙም አያንስም። ከተማው እኛ ስንደርስም ያንኑ ያወራ ነበር። ያን ቀን ጎርፍ የወሰደው ልብስ ሰፈር ተሻግሮ ተገኝቶ፣ በምልክቱ ተለይቶ ለባለቤቱ ተመለሰ ብሎ ልጁ በባያ አስተርጓሚነት ነገረን። ጋሼ «እኛ መሥሪያ ቤት እንዲህ ያለ የፋይል አያያዝ ቢኖር» አሉ።

እሁድ ሥልጠና ስለሌለ ልብሳችን የት እንደሚሄድ ለማየት ተነሳን። ባቡር ይዘን ማሃላክሽሚ ጣቢያ ወረድን። ከጣቢያው አጠገብ ካለው ድልድይ ላይ ሆኖ ቁልቁል ማየት ነው። ዶቢ ጋት ይሉታል፤ በ1890 እ.ኤ.አ.፣ በእንግሊዞች ዘመን የተሠራ ነው። በሲሚንቶ የተከፋፈሉ መደዳ ገንዳዎች፣ በየገንዳው ልብስ የሚመታበት ድንጋይ። ወንዶቹ እስከ ጉልበታቸው ውሃ ውስጥ ቆመው ልብሱን ከራሳቸው በላይ ያነሱና ድንጋዩ ላይ ያወርዱታል። ድምፁ ከባቡሩ ድምፅ በላይ ይሰማል። የሆስፒታል አረንጓዴ ልብስ ለብቻው፣ የሆቴል አንሶላ ለብቻው ተከምሯል። አጠባ የወንድ ሥራ የሆነበት አገር መኖሩ ጋሼን በጣም ገረማቸው፤ ቤት ሲመለሱ ለባለቤታቸው እንደማይነግሩ ወዲያው ቃል አስገቡን።

እኔ ግን ዓይኔ የቀረው ገመዱ ላይ ነው። መቆንጠጫ የሚባል ነገር የላቸውም። ሁለት ገመድ አንድ ላይ ተጠማዝዟል፤ የልብሱን ጫፍ በጠመዛው መሐል ይሰኩታል፣ ነፋስ በመጣ ቁጥር ገመዱ ራሱ ይጨብጠዋል። ብልሃት ነው። ዝናቡ ጋብ ብሎ ስለነበር በየጣሪያው ላይ ሸሚዝ በቀለም በቀለሙ ተሰልፏል። ድንገት በባሕሩ በኩል ሰማዩ ጠቆረ። አንድ ሰው ጮኸ፤ ከየቦታው ሰው ወደ ጣሪያው ወጣ፤ ዓይናችን እያየ ገመዱ ሁሉ ባዶ ሆነ። ልክ በሐምሌ «ልጆች፣ ልብስ አስገቡ!» ሲባል እንደምንሮጠው ነው፤ ልዩነቱ እነሱ የሚያስገቡት የአንድ ቤት ሳይሆን የአንድ ከተማ ልብስ መሆኑ ነው። ዝናቡ ሲወርድ እኛ ድልድዩ ላይ እንደቆምን ቀረን፤ የታጠበውና የተተኮሰው ሸሚዛችን ውሃ ሆነ። ከዓመታት በኋላ፣ በ2003 ዓ.ም.፣ ኪራን ራኦ የምትባል ዳይሬክተር በዚሁ ቦታ ስም የተጠራ ፊልም አወጣች፤ ከገጸ ባሕርያቱ አንዱ ዶቢ ነው። ብዙ ሰው ያየው ለተዋናዩ ለአሚር ካን ብሎ ነው፤ እኔ ግን ለገመዱ ስል ነው ያየሁት።

በሥልጠናው ማብቂያ ላይ የባህል ምሽት ተዘጋጀ። የባሕር ዳሯ ባልደረባችን ሀበሻ ቀሚስ ይዛ መጥታለች፤ ሻንጣ ውስጥ እርጥበት መትቶት ሽሮ ቀለም ይዟል። ድንጋይ ላይ ይመታብኛል ብላ ልትሰጠው ፈራች። ልጁ ቀሚሱን ተቀብሎ ወዲያው አልቋጠረውም። ገለበጠው፤ ጥበቡን በአውራ ጣቱና በሌባ ጣቱ መሐል አሸት አሸት አደረገ፣ ክሩ ቀለም ይለቅ እንደሆነ ጫፉን በምራቁ አረጠበና ነጭ ጨርቅ ላይ ጫን አደረገው። አባቱን ጠርቶ አሳየ። ሽማግሌውም ጎንበስ ብለው ሽመናውን ካዩ በኋላ ከጠረጴዛው ሥር አንድ ከረጢት አወጡ፤ ውስጡ ቡናማ፣ የደረቀ፣ የተጨማደደ ፍሬ ነው። ሪታ ይሉታል። ሐርና ሱፍ የሚያጥቡበት ነው። ውሃ ውስጥ ነክረው ሲያሹት አረፋ አወጣ።

«እንዶድ!» አለች ባልደረባችን።

ዛፉ ሌላ ነው፣ ሥራው ግን አንድ ነው፤ ሁለቱም አረፋ የሚያወጣ ተመሳሳይ ንጥረ ነገር አላቸው። እሷ የጤና ባለሙያ ስለሆነች ለሽማግሌው የሳይንቲስቱን የአክሊሉ ለማን ታሪክ ልትነግር ተነሳች። በ1964 እ.ኤ.አ. አድዋ አካባቢ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ወረድ ብሎ ወንዙ ውስጥ ቀንድ አውጣዎች ሞተው እንዳዩ፣ ከዚያ ተነስተው እንዶድ የቢልሃርዝያን አስተላላፊ ቀንድ አውጣ እንደሚገድል እንዳረጋገጡ። ባያ የተረጎመው ምን ያህሉን እንደሆነ እንጃ፤ ሽማግሌው ከረጢቱን ፈጥነው ዘጉ፣ ፍሬያቸው መርዝ ነው የተባለባቸው መሰላቸው። ቀሚሱ ግን በማግስቱ ነጭ ሆኖ፣ ጥበቡ ሳይነካ፣ በጋዜጣ ተጠቅልሎ መጣ። በምሽቱ ከአሠልጣኞቹ ሚስቶች አንዷ ቀሚሱን ማን እንዳጠበው ጠየቀች።

ወደ ለንደን የሄድኩት ከሙምባይ በኋላ ነው፣ ስለ እሷ ብዙ የምለው የለኝም። እዚያ በሳንቲም የሚሠራ የልብስ ማጠቢያ ቤት አለ፤ የመጀመሪያው በ1949 እ.ኤ.አ. ኩዊንስዌይ በሚባለው መንገድ ላይ ተከፍቶ ነው የተስፋፋው። ልብስህን ከማሽኑ በሰዓቱ ካላወጣህ ሌላ ሰው አውጥቶ ክዳኑ ላይ ይከምረዋል፤ ይህ እንደ ነውር አይቆጠርም። ማድረቂያው በእኔ ጊዜ የ20 ፔንስ ሳንቲም እየዋጠ ለጥቂት ደቂቃ ይሞቅ ነበር፣ ስለዚህ ሳምንቱን ሙሉ ሳንቲም መሰብሰብ ነበር። አስተናግደኝ ላለ ደግሞ ሴትዮዋ በኪሎ መዝና ታጥብለታለች፣ ጥቂት ጨምሮ። ርካሽ ነው፣ ፈጣን ነው። ግን ማሽን አንገትጌ አያውቅም። ሸሚዝ የሚቆሽሸው አንገትጌው ላይ ነው፣ ማሽኑ ደግሞ አንገትጌውንም ጅራቱንም እኩል ነው የሚያሽከረክረው።

ዱባይ ለሥራ ስሄድ ዴራ ነበር ያረፍኩት። ከወርቅ ገበያው ጀርባ ባሉት መንገዶች የኬራላ ሰዎች የከፈቷቸው ትንንሽ ላውንደሪዎች ሞልተዋል፤ ከበራቸው እንፋሎት ይወጣል፣ ዋጋው በፍሬ ነው፣ ቁጥር የተጻፈባት ወረቀት ሸሚዙ ላይ ትያያዛለች። ደረጃ ጠራጊውን ጠይቄ ጥሩውን ለይቼ ነበር። ግን የአክስቴ ልጅ እዚያው ከተማ በሰው ቤት ትሠራ ነበር፤ አርብ የዕረፍት ቀኗ ነበር። ሆቴሉ ድረስ መጣች፣ ተሳሳምን፣ የእናቷን ደኅንነት ጠየቀችና ወዲያው፣

«ወንድም ጋሼ፣ የቆሸሸ ልብስ የለህም?» አለች።

እዚህ ታች ላውንደሪ አለ አልኳት። «እኔ እያለሁ?» አለች፤ ፊቷ ተለወጠ። ሳምንቱን ሙሉ የዘጠኝ ሰው ልብስ ስታጥብና ስትተኩስ የምትውል ልጅ በዕረፍት ቀኗ የእኔን እንድታጥብ አልፈለግሁም፤ ብዙ ተከራከርኩ። ክርክሩ በረዘመ ቁጥር የባሰ እየከፋት መጣ፤ በመጨረሻ ወጥቼ ከረጢቱን አመጣሁላት። የጋሼን ሕግ አክብሬ የውስጥ ልብሴን አስቀርቼ ነበር። ከረጢቱን ከፍታ አየችና ቀና አለች።

«ሌላውስ?»

«ሌላ የለም።»

«ለሳምንት የመጣ ሰው ሸሚዝ ብቻ ነው የሚለብሰው?»

እንግዳ ተቀባዩ አማርኛ አለመስማቱ በጀኝ። እሱን ራሴ አጥባለሁ ብላት ሳቀችብኝ፤ «የዘጠኙን ሰው ማን የሚያጥብ መሰለህ?» ብላ ተመልሼ እንዳመጣ ሰደደችኝ። ከጓደኞቿ ጋር ለዕረፍት ቀን የተከራዩት ክፍል ነበር፤ እዚያ ወሰደችው።

ምሽት ላይ ሁሉንም ተኩሳ መለሰች። አንገትጌዎቹን አንድ በአንድ ገልጣ አሳየችኝ፤ በእጇ እንዳሸቻቸው፣ ለማሽን እንዳልተወቻቸው። እኔ ስተኩስ እጅጌው ላይ ሁለት መስመር እንደምሠራም ሳትነግረኝ አላለፈችም። ከዚያ ከቦርሳዋ ሃምሳ ድርሃም አውጥታ፣ «ይኼ ሸሚዝህ ኪስ ውስጥ ነበር፤ የአጠባ ብዬ ወስጄዋለሁ» አለች። ተገቢ ነው አልኳት። የክፍል ጓደኞቿን ጠርታ ሁላችንንም በአቅራቢያው ወዳለ የሀበሻ ምግብ ቤት ወሰደችን፤ ጥብስ ታዘዘ፣ ክትፎ ታዘዘ፣ ከእሱ በኋላ ቡና። ሒሳቡ ሲመጣ እንደ ደንቡ ትግል ተጀመረ፤ እኔ ኪሴ ገባሁ፣ ሁለቱ ጓደኞቿ እጄን ያዙ፣ አስተናጋጇ ሁላችንንም አይታ ገንዘቡን ከእሷ ተቀበለች። ሃምሳው ድርሃም ግማሹን እንኳን አልሸፈነም፤ ቀሪውን ከራሷ ጨመረች። ለእኔ የተፈቀደልኝ ለአስተናጋጇ ጉርሻ መስጠት ብቻ ነበር።